ለዉፈሩ ሳጥን ቱቦ ስንለካ

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ወዲህ አባባ አኩርፈውታል ብለን ደምድመን ነበር። ለምን እንደተወ ሲነግራቸው አንድ ቃል አልመለሱለትም። ያ ዝምታ ከሆዱ አልወጣለትም። ከጊንጪ ሲመለስ ቤት ጎራ ይልና ከበሩ ላይ «አካም ኦልታን፣ አባ» ብሎ እንዴት እንደዋሉ ይጠይቃል። አባባ አናጢ ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ይመልሳሉ፣ አንዳንድ ቀን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት እንጨታቸውን መላግ ይቀጥላሉ። ወንድሜ ደግሞ ሆደ ባሻ ነው፤ የተመለሰለትን ሰላምታ ይረሳና ያልተመለሰለትን ይዞ ይሄዳል። እኔ መሀል ገብቼ ሁለቱንም እቆጣለሁ። መቆጣት አያቅተኝም፤ ድምፄ ከአጥር ወዲያ ይሰማል።

ለሚኒባሱ ዉፈር፣ ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር፣ ገዝቶ ሳጥን የሚሠራለት ሲፈልግ፣ ሥራ ያስታርቃቸዋል ብዬ ወደ አባባ የጎተትኩት እኔ ነኝ። «ዛሬም ከዘጉኝ ግን ሁለተኛ እዚህ ግቢ አልረግጥም» አለኝ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ስለሆነ ፈራሁ።

አባባ ሳጥኑን ሳይውል ሳያድር ሠሩት። ማዕዘኑን በኮላ አጣብቀው፣ ስንጥቅ የሚመስለውን ሁሉ ኮላና ሰጋቱራ ለውሰው ደፈኑት። ውሃ ቢሞላ ጠብ የሚል አይመስልም። ወንድሜ ፊት ለፊታቸው ቆሞ «አሁን የአየር መውጫ እንብሳለት» ሲላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ልትበሳው ኖሯል እንዲህ ያስደፈንከኝ?»

ዉፈሩ ሲርገበገብ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በቱቦ ተገፍቶ ሲወጣ ቤዙን እንደሚያግዘው በእጁ ጭምር አስረዳቸው። እያጉረመረሙ በሱት። የራሳቸውን ሥራ በመጋዝ ሲወጉት ማየት ለእኔም ደስ አይልም ነበር።

ቱቦውን በተመለከተ የከተማችን ልማድ ይታወቃል። ቤት ሲሠራ የተረፈ የፍሳሽ ቱቦ ከየትም ይለቀማል፤ ሳጥኑ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የተገኘው ይሰካበታል። ጎረቤት የሠራለት ቱቦ ለእኔም ይሠራል ባይ ብዙ ነው። እኛም ከአጥሩ ሥር አንድ ቀጭን ቱቦ አንስተን ሰካንበት። ሙዚቃው ሲከፈት ቤዙ በመታ ቁጥር ቱቦው ፉጨት የመሰለ የንፋስ ድምፅ አወጣ። አየሩ ብዙ፣ መውጫው ጠባብ ሆነበት። እኔና ወንድሜ ፊታችንን አጨማደድን።

አባባ «ደህና አይደለም እንዴ? ምን ጎደለው?» አሉ።

ወንድሜ ዓይኔን አየኝ። «ለእኔ ከሆነ ያፏጭ ማለታቸው ነው» አለ በለሆሳስ። እኔም አልጠፋኝም፤ እንደዚያው ተረጎምኩት።

ሰፊ ቱቦ ፈልገን አመጣን። ሰፊ ቱቦ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያወጣ ረዘም ማለት አለበት፤ ሲረዝም የሳጥኑን ጀርባ ገጨ። ጫፉ ከጀርባው ከተጠጋ አየሩ ይታፈናል። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት መታጠፊያ ጨምረን ወደ ጎን አዞርነው። ከዚያ ሳንለጥፍ ማስገባት፣ መስማት፣ ማውጣት፣ ጫፉን ትንሽ መቁረጥ፣ መልሶ ማስገባት። በአንዴ ብዙ ከተቆረጠ የሚመለስ ነገር የለም። ቆራጩ አባባ ናቸው። መዳፋቸውን ቱቦው አፍ ላይ ዘርግተው ንፋሱን ይለካሉ፣ ሌላውን እጃቸውን ሳጥኑ ላይ ጭነው ንዝረቱን ያዳምጣሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ቤዙ ሞላ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ ፉጨቱም ጠፋ። ወንድሜ ሙዚቃውን ዘጋና ከጀርባቸው ቆሞ «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ» አለ።

አባባ አልመለሱም። ቱቦውን ያገላብጣሉ።

ደገመው። ዝም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ደሜ ፈላ። ሄጄ አባባ ፊት ተደቀንኩና «ልጅዎ እየመረቀዎት ነው እኮ፣ ምናለ አሜን ቢሉ!» አልኳቸው።

ደንግጠው ዞሩ። «እዚህ አለ እንዴ? የሄደ መስሎኝ» አሉ። ሁለታችንን እያፈራረቁ ካዩን በኋላ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «የመጋዙ ማሽን በልቶታል። ከፊቴ ያልቆመ ሰው አይሰማኝም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ደንቆሮ አናጢ ማን ያሠራል?»

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ። ድምፃቸው ቅር የተሰኘ ሰው ድምፅ ነበር። «አንተ ግን ገብተህ ስትወጣ ሰላም እንኳ አትለኝም። ምን ብበድለው ነው እያልኩ ስብሰለሰል ኖርኩ።»

ለካ እኔን ሲሰሙኝ የኖሩት ፊታቸው ቆሜ ስለምጮህ ነው። ወንድሜ ቁልፉን አስቀመጠና ዞሮ ፊት ለፊታቸው፣ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። አፉን በደንብ እየከፈተ፣ ቀስ እያለ፣ ትምህርቱን ለምን እንደተወ ከመጀመሪያው ጀምሮ አወራቸው። ያኔም ይህንኑ ቃል በቃል ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው እንጨት ሲልጉ፣ እሱ ከበሩ ላይ ሆኖ። አባባ ከንፈሩን እያዩ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ይህን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ «እኔው ራሴ ተወው እልህ ነበር።»