ቤት ሲገባ የሚደክም ካርድ

በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ የቀለም ብሩሽ ነው። ግሽ አባይ ሰፈር ያለው የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ባለቤት ጋሽ ይርጋ፣ አቧራ የጠገበ ኬዝ ከፊቴ አስቀመጡና «ውጭ አውጥተሽ ጥረጊው» አሉኝ።

«ጥገናውንስ መቼ እማራለሁ?» አልኋቸው።

«ይኸው ጀመርሽ» አሉ።

በቤቱ ሦስት ማዕረግ ነበረ፤ ጠራጊ፣ ፈቺና ጠጋኝ። ጠራጊ ሆኜ ስገባ የመጀመሪያ ልጄን ገና ጡት ማስጣሌ ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እገባለሁ፤ በስመ አብ ብዬ ኬዙን እከፍታለሁ። ዛሬ ዋና ጠጋኝ ነኝ። ልጆቼን ያስተማርሁት በዚህ ሥራ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሽ ይርጋ ብዙ አስተምረውኛል። ከሶኬት ሳትነቅዪ እጅሽን አታስገቢ። የፈታሽውን ብሎን በወጣበት ተራ ደርድሪ። ደንበኛ ሲናገር አታቋርጪ። ስለ ጌም ግን ምንም አላስተማሩኝም። «ኮምፒዩተር የተሠራው ለሥራ ነው» ይሉ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ ሥራ የመጣው እሳቸው ቤቱን ለእኔ ትተው፣ በር ላይ ወንበር አውጥተው ጋዜጣ ማንበብ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ሰሚራ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ዴስክቶፕዋን በባጃጅ ጭና መጣች። አባቷ አቶ ኑሩ አብረዋት ነበሩ። ከከተማችን ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ጀልባ ሠሪ ናቸው።

«ጌም ነው እትዬ» አለችኝ። «ላግ ያደርጋል፤ እየተንቀረፈፈ ይቆራረጣል።»

ጋሽ ይርጋ ከበር ላይ ሆነው «ወይ ዘመን» አሉ።

«የምጫወተው አይደለም፤ የሠራሁት ነው» አለቻቸው።

የመመረቂያ ሥራዋ ነበር። ጨዋታው ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነፋስ ሳይገለብጠው ታንኳውን ከሐይቁ መሐል ወደ ዳር ያደርሳል። ማዕበሉን፣ ደመናውን፣ ዳር የበቀለውን ደንገል ሁሉ ራሷ ሥላዋለች። ወንድሟ ለዚህ ብሎ ግራፊክስ ካርድ ልኮላታል። ካርዱ ከተገጠመ በኋላም ታንኳዋ እየዘለለች ነው የምትሄደው።

እንደ ቤቷ ሰክታ አሳየችኝ። አቶ ኑሩ ስክሪኑን እያዩ ሳቁ። «እታለም፣ ይህች ታንኳ ናት ወይስ እንቁራሪት? ውኃ ላይ ያለ ነገር ይንሸራተታል እንጂ አይዘልም።»

«አባ፣ አሁን አታሹፍ።»

«አላሾፍሁም፤ ያየሁትን ነው።» እሷ ጨዋታውን ስትዘጋ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመምህራኑ የምታሳይበት ቀን ደርሷል። ካልሆነላት ሐሙሲት ከተማ አክስቷ ሱቅ ሥራ ትገባለች። ሌላ ዓመት የማስተምርበት አቅም የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የጌም ሥራ አልመሰለኝም።

ወደ ጥገና ሥራ የምትገቡ አዲስ ገቢዎች፣ ይህን ያዙ። ዴስክቶፕ ላይ ሥዕል ወደ ሞኒተር የሚልኩ ሁለት ክፍሎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው፤ ለጽሑፍና ለፊልም ይበቃል። ሌላው ለብቻው የሚገጠመው ካርድ ነው፤ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ማቀዝቀዣ ፋን አለው። ኬዙን ወደ ኋላ አዞርሁት። የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ፣ ከአንደኛው ክፍል ጋር ነው። ያ ሁሉ ካርድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ኬብሉን ነቅዬ ካርዱ ላይ ሰካሁት። ካርዱን የሚያሠራውን የድሮ ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን አጥፍቼ አዲሱን ጫንሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ጨዋታው በካርዱ እንዲሠራ አዘዝሁ። ታንኳዋ ተንሸራተተች።

«አሁን ታንኳ ሆነች» አሉ አቶ ኑሩ።

ቤት ሲገባ እንደገና ዘለለች። ሰሚራ ይዛው ተመለሰች። እኛ ጋ ስከፍተው ደኅና ነው። ፋኑን ጠረግሁ፤ ከካርዱ ሙቀት የሚያስወጣውን ቅባት፣ ፔስቱን ቀየርሁ፤ ፓወር ሳፕላዩን ለካሁ። ደኅና ነው። ወሰደችው። በማግሥቱ ስልክ ደወለች። «ትንሽ በደንብ ይሄድና ይጀምረዋል» አለች።

ጋሽ ይርጋ ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ሦስተኛ ጊዜ እዚህ አትክፈቺው» አሉ። «እኛ ጋ ደኅና ሆኖ ቤቱ ሲገባ ይደክማል። እንግዲህ ያመመው ቤቱ ነው። ሂጂ።»

«ጌም ይጠሉ አልነበር እንዴ?»

«እጠላዋለሁ። ያልተጠገነ ዕቃ ደግሞ ይበልጥ እጠላለሁ።»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የሰሚራ እናት ወይዘሮ ዘሃራ በር ላይ ተቀበሉኝ። ዓሣ ቤታቸው ሞልቷል፤ ለእኔ ግን ሽሮ አቀረቡ። ጾም ላይ መሆኔን አልነገርኋቸውም፤ ያውቁታል።

ኮምፒዩተሩ የቤቱ ምርጥ ቦታ ላይ ተቀምጧል። ኬዙ ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ጠርዙ ላይ አበባ አለው፤ በስተፊት ለማብሪያው ቁልፍ የሚሆን ቀዳዳ ተትቶለታል። ከዳንቴሉ ሥር ወፍራም ገበር ተሰፍቶበታል። እኔም ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው። ለዚህ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ ዓይኔ አልፎት የሄደው።

ጨዋታውን አስነሣሁ። የካርዱን ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም ከጎኑ ከፈትሁ። ታንኳዋ በደንብ ሄደች። ሙቀቱ ወጣ፤ ደግሞ ወጣ። ሽሮዬን ሳልጨርስ መዝለል ጀመረች።

እጄን ከኬዙ ኋላ ሰደድሁ። ሙቅ አየር የሚወጣበት ቦታ ላይ ገበሩ ተለጥፏል። ጨርቁ ካውያ እንዳለፈበት ልብስ ይሞቃል። ካርድ ከመጠን በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚዘልለው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ዳንቴሉ ቤት ይቀራል።

ሰሚራም ገባት። ብድግ አለች። «እማ፣ ያንቺ...»

እጇን ያዝሁና አስቀመጥኋት። «እትዬ ዘሃራ፣ ይህን መቼ ሠሩት?» አልኋቸው።

«ረመዳንን ሙሉ» አሉ። «ሲመሽ ከሐይቁ የሚነሣውን ትንኝ ታውቂዋለሽ፤ ሁሉ ነገር ውስጥ ይገባል። ልጄ የምትሠራውን እኔ አላውቅበት። የማውቀውን አደረግሁላት።»

እኔም እናት ነኝ።

«እጅዎን እዚህ ያድርጉ» አልኋቸው።

አደረጉ፤ ወዲያው ሳቡት። «ያ ረቢ። አፍኜዋለሁ።»

«እኛን አልብሳ ስትጨርስ ብረት ማልበስ ጀመረች» አሉ አቶ ኑሩ።

«አንተ ዝም በል። ጀልባህን በሸራ የሚጠቀልለው ማን ሆነና?»

ዳንቴሉን በእጃቸው ገፈፉት። ሁላችንም ስክሪኑን አየን። ሙቀቱ ወረደ፤ ታንኳዋም መዝለሏን ተወች። ወይዘሮ ዘሃራ ግን ደስ አላላቸውም። «ትንኙስ?» አሉ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ፋን ውስጥ የተጋገረ ትንኝ በብሩሽ ስጠርግ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። መልስ ሳስብ ቀደሙኝ።

«አጎበር ቢሆንስ? አጎበር ውስጥ ሰው ይተነፍሳል።»

ከአሮጌ አጎበር ቆረጡ። አየር በሚገባበት በኩል ብቻ ወጥሬ አሰርሁት፤ የሚወጣበትን ክፍት ተውሁት። ከሰዓቱን ሙሉ ጨዋታውን አስኬድነው። ሙቀቱ ከዚያ በላይ አልወጣም። ዳንቴሉንም አልከለከልሁም። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይለብሳል፤ ከመበራቱ በፊት ይወልቃል።

ከመሄዴ በፊት አቶ ኑሩ ወንበሩን ሳቡ። «እስቲ አምጪው» አሏት ልጃቸውን። የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለባቸው አሳየቻቸው። ነፋሱ ሲነሣ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዞሩ፤ ቀስ ብለው ነዱና ደንገሉ ጥግ አደረሷት።

ከቁልፉ ላይ እጃቸውን ሳያነሡ «እውነትም ውኃ ነው» አሉ።

ሰሚራ ለመምህራኑ ስታሳይ እናቷ አብረው ሄዱ። ዳንቴሉን ይዘው ነበር፤ ከኬዙ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ታንኳዋ አንድ ጊዜም አልዘለለችም። ሰሚራ ተመረቀች። የሐሙሲቷ አክስት ሌላ ሠራተኛ ቀጠሩ። አልሐምዱሊላህ አሉኝ እነሱ፤ እኔም ተመስገን አልሁ።

በኋላ ወይዘሮ ዘሃራ ለእኔም አንድ ዳንቴል ላኩልኝ። ገበር የለውም። ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ጋሽ ይርጋ ሲያዩት «በጌም ተሸለምሽ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከማን እንደመጣ የሚያወሩት እሳቸው ሆኑ።

ብዙ ማሽን ጠግኛለሁ። የምኮራው በዚህ ነው።

እናንተ ጋ ደኅና ሆኖ ቤቱ ሲገባ የሚደክም ማሽን ካጋጠማችሁ፣ ደጋግማችሁ አትፍቱት። ቤቱ ሄዳችሁ እዩት።