ኮት የተቀመጠበት ወንበር

ሾፌሮቹ «እሜቴ ፍሬን» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው እንጂ ፊት ለፊቷ ማን ደፍሮ። ሥራዋ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ትወርዳለች፣ የእጅ ባትሪዋን ታበራለች፣ ከራሷ በላይ የቆመውን መኪና ሆዱን አይታ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታበታለች። እንግዲህ ይህቺ በየቀኑ ስልሳ መኪና የምታገላብጥ ሴት የራሷ መኪና የላትም። ሳቁ፣ ችግር የለም፤ እሷም ስትስቅበት ኖራለች።

ሳቁ የቆመው ለአራት ወር በጊዜያዊነት ወደ አንዲት ሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ የተላከች ጊዜ ነው። የምደባ ደብዳቤዋ ላይ «የመመላለሻ አገልግሎት በቅርንጫፉ ይመቻቻል» የሚል መስመር ነበረበት። ያንን መስመር አምና ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየች። ምርመራ ጣቢያው ግን ከከተማው ውጪ፣ የጭነት መኪኖች መንገድ ላይ ነው። የቅርንጫፉ ኃላፊ የመሥሪያ ቤቱን ደብል ጋቢና ፒክአፕ ራሱ እየነዳ ጠዋት ጠዋት በበሯ ያልፋል።

በመጀመሪያው ሰኞ ቀድማ ወጥታ መንገድ ዳር ቆመች። አቆመላት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። አብራው መሄድ ትችል እንደሆነ ስትጠይቀው ዞር ብሎ የኋላ ወንበሩን አየ። ወንበሩ ላይ ኮቱ ተዘርግቷል፤ ከኮቱ በቀር አንድም ነገር የለም።

«ቦታ የለም» አላትና ነድቶ ሄደ።

ቦታ የለም! ኮቱ ተንፈላሶ ተቀምጦ ሰው በእግሩ ይሄዳል። ይሄንን የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል? እሷ የምትለውን ብላዋለች፣ እዚህ አይጻፍም።

ለሌላ ሰው ይሄ ነገር ብዙ አያስከፋ ይሆናል፤ አንዱን ለምኖ ይሳፈራል። መርማሪ ግን ሰው በነፃ ሲሸኘው እሺ አይልም። ዛሬ የሸኘሽ ነገ ያለቀ ጎማውን ይዞ ይመጣና «እንተዋወቅ የለም እንዴ» ይልሻል። በዚያች ከተማ ደግሞ እሷ እጅ ላይ የማይወድቅ መኪና የለም። ስለዚህ ከፍላ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ትሄዳለች፤ ከመገንጠያው ወዲያ ሚኒባስ ስለማይገባ አርባ ደቂቃ በእግሯ ትኳትናለች። የፈተሸቻቸው ከባድ መኪኖች እያጓሩ ሲያልፏት ሾፌሮቹ እንድትወጣ በእጃቸው ይጠሯታል፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ያለ ይሉኝታ ልትሳፈርበት የምትችለው አንድ መኪና የመሥሪያ ቤቷ ፒክአፕ ነበር።

ፒክአፑም በየቀኑ አለፋት። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ እየረጫት አለፋት። አንድ ጠዋት ዶፍ ሲዘንብ፣ ጃንጥላዋ ተገልብጦ ስትታገል፣ ጥሩምባ ነፍቶ አለፋት። ያን ቀን ከኋላ ልጁ ነበረች፣ አንዲት ቀጭን ልጅ። በኋላው መስታወት ዞራ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየቻት። እሜቴ ፍሬን ጣቢያው ስትደርስ ካልሲዋን ጨምቃ ፒክአፑ ጥሏት ያለፈበትን ሁሉ ቆጠረች፤ ሰባ አንድ ጠዋት።

ታላቅ እህቷ ማታ ማታ ስትደውል ወሬው ሁሉ ይሄው ነው። እህትየው ነገር ታበርዳለች፤ ለእግዜር ስጪው ትላታለች። «እግዜር ብዙ ሥራ አለበት፤ ይሄን እኔ እይዘዋለሁ» ብላ መለሰችላት።

የያዘችውም እውነቷን ነው። በሦስተኛው ወር መዝገብ ስታገላብጥ የፒክአፑ ዓመታዊ ምርመራ የሚውለው በምደባዋ የመጨረሻ ቀን መሆኑን አየች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አምፖል አይጠፋ፣ የዝናብ መጥረጊያ አይጠፋ፤ አንድ እንከን አገኝና ታርጋውን እፈታለሁ፣ በእግሩ ይሄዳታል፣ እያለች እንቅልፍ የሚወስዳት በዚህ ሆነ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የፒክአፑን ሊብሬ ብቻ ይዞ መጣ። መኪናውስ ስትለው ደነገጠ። እዚያ ቅርንጫፍ የኃላፊው መኪና ተመርምሮ አያውቅም፤ በየዓመቱ ሊብሬው ይመጣል፣ መርማሪው ይፈርማል፣ በቃ። ሊብሬ ፍሬን የለውም፣ መኪናው ራሱ ይምጣ ብላ መለሰችው።

ኃላፊው ተቆጥቶ መጣ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሰልፉን ጥሶ ፒክአፑን ከፊት ገተረው። ወደ ኋላ መለሰችው፤ ከአሸዋ ጫኞቹ ኋላ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይና ጭስ ጠጣ። እሷ ለወትሮው ምሳ እንደ ነገሩ ነበር የምትበላው፤ ያን ቀን ቁጭ ብላ፣ አላምጣ፣ እጇን ሁለቴ ታጥባ ተመለሰች።

ተራው ሲደርስ አምፖሉን አየች፤ ይበራል። መጥረጊያውን አየች፤ አዲስ ነው። ጎማው ደህና ነው። ብሽቅ አለች። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ባትሪዋን ወደ ፊተኛው ቀኝ ጎማ ስታዞር እጇ ቀጥ አለ። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦ አብጧል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ዘይቱ እንደ ላብ ወጥቶበታል። ነካችው፤ ጣቷ ረጠበ። ሜዳ ላይ ምናልባት ሳምንት ይቆይ ይሆናል። ከከተማው በሚያስወጣው ባለ አርባ መታጠፊያ ቁልቁለት ላይ፣ እግር ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጠው፣ አንድ ቀንም አይቆይም።

ኃላፊው ከላይ ጎንበስ አለ።

«ተቀይመሽኛል፣ ገብቶኛል። አሁን ፈርሚልኝና ይብቃን። ነገ ጠዋት ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፤ ልጄ ትመረቃለች።»

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለአፍታ ምን እንዳሰበች ለእህቷ እንኳ አልነገረቻትም፤ እኔ ግን እናገራለሁ። ፈርሚ አለቻት ነፍሷ። የለመነሽ እሱ ነው፤ አንድ ፊርማ፣ ከዚያ አርባ መታጠፊያ። ማንም አይጠይቅሽም፤ በየዓመቱ ሳይታይ ሲፈረምለት ኖሯል። ብዕሩ እጇ ላይ ነበር። ያኔ በኋላው መስታወት ዞራ ያየቻት ቀጭን ልጅ መጣችባት። በራሷ ደነገጠች።

ከጉድጓዱ ሳትወጣ «አላለፈም» ብላ ጻፈች። ታርጋው እንዲፈታ አዘዘች። ወርደው ቱቦውን ይዩት ብትለው ኮቴ ይቆሽሻል አለና እምቢ አለ። ይልቅስ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ቂመኛ ብሎ ጮኸባት።

«ቂመኛማ ነኝ» አለችው ባትሪዋን እያጠፋች። «ቂሜን ልወጣብዎት ብፈልግ ኖሮ ግን ፈርሜ ነበር የምሸኝዎት።»

አልገባውም። ለዋናው መሥሪያ ቤት የክስ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ዝቶ ሄደ፤ በእግሩ። እሷ ግን ደስታዋን ፈልጋ አጣችው። አራት ወር ሙሉ ኮትኩታ ያሳደገችው ቂም በመጨረሻው ቀን ውለታ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያውም የማይታወቅ ውለታ። እንደዚያ ተናዳ አታውቅም።

ማታ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሊሰናበታት ደወለ፤ ኃላፊው ቤተሰቡን ይዞ ነገ በጠዋቱ ሚኒባስ እንደሚሄድ አጫወታት። እሷም በዚያው ሚኒባስ ነበር ወደ ቤቷ የምትመለሰው። በነጋታው ከሁሉም ቀድማ መናኸሪያው ደረሰች። ለሁለት ወንበር ከፈለች። በአንዱ ተቀመጠች፣ በሌላው ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል መጡ። እናትና ልጅ ከፊቷ ያሉትን ሁለት ወንበሮች ያዙ፤ ልጅቷ ዞር ብላ አየቻትና በአንገቷ ሰላም አለቻት። ኃላፊው ኮቱን በክንዱ ይዞ፣ ጣሪያው አጎንብሶት፣ ከወንበሯ አጠገብ ቆመ። ቦርሳውን አየ፣ እሷን አየ።

«ሰው አለው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ቦታ የለም» አለችው።

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ኃላፊው በየመታጠፊያው ከወንበር ወንበር እየተላተመ የፊቱን መደገፊያ አንቆ ያዘ። ፍሬኑ ግን በተረገጠ ቁጥር ልክ እንደሚገባው ይይዝ ነበር፤ ሚኒባሱን ባለፈው ሳምንት የፈተሸችው እሷ ናት። አሥረኛው መታጠፊያ ላይ እጇን ዘረጋችለት።

«ኮቱን እንኳ ልያዝልዎት» አለችው።

ተቀበለችው። ቦርሳዋን ወደ ጭኗ አነሳች፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ በደንብ ዘረጋችው፣ ፊቷንም ወደ መስኮቱ አዞረች።