አበባ የሸፈነው ቀን

«እጨደው ማጭዴ፣ እጨደው ጤፉን፣
እም… እም እም እም…»

የብርጓል ሁለተኛው ስንኝ ከጠፋባት ቆየ። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጽሕፈት ቤቷ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ታንጎራጉራለች፤ ዜማው ጤፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ምግቧም እንደ ዘፈኗ ነው፤ ዳቦውን ትቆርሳለች፣ ደንበኛ ይገባል፣ ዳቦው ይረሳል።

«የብርጓል ቁጭ ብላ በላች ከተባለ ያን ቀን ባጃጄ ክንፍ አወጣች ማለት ነው» ይላል ጎረቤቷ ባጃጅ ነጂው አለበል።

እንጀራዋ ማመልከቻ መተየብና ፎቶ ኮፒ ማንሳት ቢሆንም ስሟን ያስጠራው አበባዋ ነው። ፌስቡክ ላይ የሚጻፍ ነገር ራቁቱን ነው፤ ቀለም አይቀባ፣ ሐረግ አይሳልበት። እሷ ታዲያ ከየድረ ገጹ እየገለበጠች ያጠራቀመቻቸው ምልክቶች አሏት፦ ✿ ❀ ✥ ፨፣ ደግሞም ክብ ውስጥ የተቀመጡ ቁጥሮች። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለክርስትና «የብርዬ፣ እስቲ አሳምሪልኝ» ያላላት የለም።

ነገሩ ከአባቷ የወረሰችው ነው። አባቷ አካለ ወልድ ደብረ ኤልያስ ላይ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ በብራናው ራስጌ ሐረግ ይስላሉ፣ ከቃሉ ሁሉ የከበረውን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ቀዩን ቀለም የምትበጠብጥላቸው ትንሿ የብርጓል ነበረች። «ልጄ፣ የከበረ ነገር ከሩቅ ይታይ» ይሏት ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ይጁቤ ወስደው ያሳደጓት አጎቷ አያ ደመላሽ ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አያ ደመላሽ ከበቅሎ ወደቁ። ወጌሻው እግራቸውን በቀርከሃ አስሮ አስተኛቸው። ጤፉ ደርሶ አንገቱን ደፍቷል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወሩ ያጉረመርማል። አንድ ደህና ዝናብ ቢጥል የዓመት ቀለባቸው ጭቃ ላይ መቅረቱ ነው። ጎረቤቱም በየማሳው ተወጥሯል። የብርጓል ደወለች።

«አያ፣ ደቦ እጠራልዎታለሁ።»

«ከማርቆስ ሆነሽ? በምን ድምፅሽ?»

«በፌስቡክ።»

«እሱ ደግሞ ማጭድ መያዝ ያውቃል?» ብለው እግራቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ማርቆስ ያለው የይጁቤ ልጅ ብዙ ነው፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሾፌሩ። ቀን መረጠች። ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፤ ዐሥራ ስምንት ግን ሥራ አይከለክልም። ጥሪውን እንደ አባቷ ብራና አስጌጠችው። ከሁሉ የከበረው ቀኑ ነውና ቁጥሩን ክብ ውስጥ አስገብታ በአበባ ከበበችው፦ ✿❀ ❶❽ ❀✿። አይታ አይታ አልጠገበችውም። «አባቴ ባየልኝ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ማጭድ ስትለምንና ስንቅ ስታሰናዳ ፌስቡኩን ዞር ብላም አላየችው።

ዋዜማውን ጠዋት አለበል ስልኩን ይዞ ገባ።

«እህት ዓለም፣ ደቦው የስንት ቀን ነው?»

«ዓይን የለህም? ተጽፎ የለም እንዴ!»

«ዓይንስ አለኝ፤ ግን ሳጥን ብቻ ነው የሚያየው።»

ነጠቀችው። አማርኛው ደህና ነው። አበቦቿና ቁጥሮቿ በነበሩበት ቦታ ግን ▯▯ ▯▯ ▯▯ ተደርድሯል። የአለበል ርካሽ ስልክ ምልክቶቹን አያውቃቸውም፤ የሰዉም ስልክ አብዛኛው የአለበል ዓይነት ነው። ከሥር አንዱ «ጤፉን በሳጥን ነው የምንሰበስበው?» ብሎ ቀልዷል። ሌላው «ዐሥራ ዘጠኝ ከሆነ እኔን አትጠብቁኝ፣ ገብርኤልን አልዳፈርም» ብሏል።

የብርጓል ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከሁሉ በላይ ይታይ ያለችው፣ እሱ ብቻ ነው ያልታየው።

«አታልቅሺ» አላት አለበል። «አበባው ለሠርግሽ ይቆይ። ቀኑን እንደ ሰው ጻፊልን።»

አባቷ የተሳሳተ ፊደል ከብራና እንደሚፍቁ አበቦቿን አንድ በአንድ ፋቀቻቸው። «ነገ ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ በጠዋት፣ ከመናኸሪያው» ብላ ጻፈች። ጌጥ የሚባል የለበትም። ልትልከው ስትነካው መብራት ድርግም አለ። ይሂድ አይሂድ አላወቀችም።

«እኔም በባጃጄ እየዞርኩ እለፍፋለሁ» አለና አለበል ወጣ። እሷም ስንቋን አሸክማ ይጁቤ ገባች።

በማግስቱ ማሳው ዳር አራት ጎረቤቶች ብቻ ቆመዋል። ደመናው ከወንዙ ማዶ እየጠቆረ ይመጣል። የብርጓል መንገድ መንገዱን እያየች ማንጎራጎር ጀመረች። «እጨደው ማጭዴ፣ እጨደው ጤፉን…»

ከጠመዝማዛው መንገድ ጥሩምባ ተሰማ። ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያንኑ ዘፈን ባንድ ድምፅ ይዘፍናል፦

«ደመናው ሳይከፍት ከላይ አፉን!»

አለበል በመስኮት ብቅ ብሎ ዳቦ የታጨቀበት ካርቶን ያወዛውዛል። «የጻፍሽው ደርሶናል፤ ሳጥኑም ይኸው! የተባልነውን አምጥተናል!»

አርባ ማጭድ ባንዴ ወረደ። ዘፈኑ ከማሳው ጫፍ ይነሣል፣ ወዲያኛው ጫፍ ይቀበለዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጤፉ ታጭዶ ተከመረ፤ ክምሩ ራስ ላይ ሣር ሲደፋበት የመጀመሪያዋ ጠብታ ዱብ አለች። ሰዉ እየተሳሳቀ አያ ደመላሽ ደጅ ወደተጣለው ዳስ ሮጠ።

አያ ደመላሽ ዳሱ ውስጥ በተነጠፈላቸው መደብ ላይ ተደግፈው አጫጆቹን አንድ በአንድ አዩ። «ፌስቡክ የሚሉት ጎበዝ የቱ ነው? ጠላ ስጡት!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የብርጓል ሽሮውን ይዛ ባጠገባቸው ስታልፍ ነጠላዋን ያዙ።

«አንቺስ?»

«አያ፣ እንግዶቹ ይብሉና…»

«ጤፌ ተከምሯል። ቁጭ በይ!»

«ኧረ ባጃጄን እሰሩልኝ፣ ልትበር ነው!» አለ አለበል።

የብርጓል ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ከመሶቡ ዳር ቁጭ አለችና ቆረሰች።