የፋጡማ ኤላ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝቶ ደብረ ብርሃን ድረስ እየነዳ መጣ። «ጋሼ፣ ይስሙማ! ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት» እያለ ከተማውን አዞረኝ። ባትሪዋ ከምን እንደተሠራ ጠየቅሁት። «ሊቲየም ነው፤ ከጨው ሐይቅም ያወጡታል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚለውን አልሰማሁትም።

የሊቲየምን ስም መጀመሪያ ስሰማ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ወርጄ፣ አፋር በረሃ ውስጥ አንድ የጨው ሐይቅ ዳር ሥራ ያዝኩ። ድርጅቱ ሊቲየም ፍለጋ የሐይቁን ውሃ በሰፋፊ ገንዳ እያሰጣ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ የሚቀረውን ጨው ለማጠብ ደግሞ ጨው የሌለበት የሚጠጣ ውሃ ከጉድጓድ ይስባል። የዚያን ጉድጓድ ፓምፕ የማስነሳው እኔ ነበርኩ። የሐምሌ ጭቃ እያስመረረው ላደገ የአንኮበር ልጅ፣ ውሃ ያልቃል ብሎ ማሰብ ከባድ ነው።

ከፓምፑ ወረድ ብሎ አርብቶ አደሮች በእጃቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ፣ ኤላ፣ ነበር። ፋጡማ የምትባል ሴት ከባሏ ከአሊ ጋር ፍየሎቿን እዚያ ታጠጣለች። ጭስ ጭስ የሚል ወተት ትሰጠኛለች፤ እኔም ከቤት የተላከልኝን ዳቦ ቆሎ አካፍላታለሁ። በሦስተኛው ወር የኤላው ውሃ ወደ ታች ሸሽቶ የመቅጃ ገመዷ አልደርስ አለ። ሻሿን ቀጠለችበት።

«ወንድሜ፣ ይሄን ሞተር ትንሽ ቀን አሳርፈው» አለችኝ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «አንተ ካቆምክ በር ላይ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል» አለኝ። እናቴ ደመወዜን ትጠብቅ ነበር። አላቆምኩም።

አንድ ጠዋት ጩኸት ሰማሁ። አሊ ኤላውን ሊያጠልቅ ወርዶ አሸዋው ተንዶበት ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ አካፋ ይዤ ሮጥኩ። ረፋዱን ሙሉ ቆፈርን። ስናገኘው አፉ በአሸዋ ተሞልቶ ነበር። ፋጡማ በጣቷ ጠረገችለትና «ኢና ሊላሂ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ቆመ?»

ሞተሩን ማለቷ ነበር። በማግስቱ አለቃዬ ጠራኝ፤ ሄጄ አስነሳሁት። ፋጡማ የተረፉትን ፍየሎች ነድታ በአጠገቤ ስታልፍ ዞር ብላ አላየችኝም። ሐይቁም እየሸሸ ሄዶ ነጭ ቅርፊት ብቻ ቀረ። ድርጅቱ የፈለገውን ያህል አላገኘም መሰል፣ ሁላችንንም አሰናበተን።

ዛሬም ድረስ ለራሴ «የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት» እላለሁ። እውነት ነው። ግን አሊን ቆፍረን ስናወጣ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በቆየባት በዚያች ረፋድ፣ ከኤላው ግርጌ ውሃ ቀስ እያለ ተመልሶ ሲጠራቀም አይቻለሁ። ያንን አይቼ ነው በማግስቱ ያስነሳሁት።