አንድ ጉርሻ

ቴሌቪዥን ሁለት ሴቶች ሲዋደዱ ካሳየ አንዷን ሳይገድል እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ የምከታተለው የአሜሪካ ድራማም ሁለት ሐኪሞችን አፋቅሮ ሲያበቃ አንዷን በመኪና አደጋ ገደላት። ተናድጄ ታሪኩን በብዕር ስም ኢንተርኔት ላይ እንደገና ጻፍኩት። በእኔ ታሪክ የሞተችው ድና ፍቅረኛዋን በእጇ አጎረሰቻት። ፈረንጅ እንደማይጎራረስ ትዝ ያለኝ ፖስት ካደረግኩት በኋላ ነው።

አንድ አንባቢ በእንግሊዝኛ «ለምን አንዴ ብቻ? አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ጻፈልኝ።

ይህን የሚለው የእኛ ሰው ብቻ ነው። የምኖረው ኦክላንድ ቢሆንም የማውቀው አበሻ ሁሉ ሳን ሆዜ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነው። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ጉባኤውን በሙሉ መጠርጠር ያዝኩ። ስልኩን ከእጁ የማይለየው የመዘምራን መሪ ይሆን? ወይስ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጠው ነርስ? ከሁሉም የፈራሁት ግን የሴቶች ጸሎት መሪያችንን ነው። «ይህ አገር ልጆቻችንን እንዳይወስድብን» እያለች እንዲህ ያለውን ፍቅር በእንባ የምትገሥጸው እሷ ናት። አንብባው ከሆነ ማስረጃ እየሰበሰበችብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ እሁድ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ስንበላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፈገግ ሳትል ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ደንብ ነውና ሁለተኛውን ጠበቅኩ። እሷ ግን እጇን በሶፍት ጠረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሁለተኛውን አንቺ ጻፊልኝ» አለችኝ።

ከዚያ የመዝጊያውን ጸሎት ልትመራ ተነሣች።