የጾመው ኩሽኔታ

በጃንሆይ ዘመን መካነ ኢየሱስ ውስጥ በኤሌትሪክ የሚዞር ወፍጮ አንድ ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው እኔ ነበርሁ። ሰው መካኒክ ይለኛል፣ እኔም አልክድም። የማውቀው ግን ማብሪያና ማጥፊያውን ነው፤ እሱንም የምነካው የበግ አጎዛ ላይ ቆሜ ነበር።

የወፍጮው ባለቤት እሜቴ ጸሎተኛ ናቸው። ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ሞተሩን ግራሶ ስቀባ ደረሱብኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግራሶ ነው፣ እሜቴ። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ የሚባል ብረት አለ፤ እሱን ያለሰልሳል።»

«ሞራ ይመስላል።»

«ኧረ የፈረንጅ ነው።»

ምላሴን በቆረጠው። «የፈረንጅ ከሆነማ ሞራ ነው» አሉ። «የጾሙን ሽሮ ልታስገድፈው ኖሯል? ጥረግና ቅባኑግ አድርግበት።»

መሪጌታው ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «ጾም የሰው ነው፣ ልጄ። ብረት ምን አፍ አለውና ይገድፋል?» ይህን ለእሜቴ ባደርስላቸው «እሳቸው ቅኔያቸውን ይቁጠሩ፤ ወፍጮው የእኔ ነው» አሉኝ። እንጀራዬ በእጃቸው ነው፤ ጠረግሁት።

ጾሙ ሳይጋመስ ሞተሩ ያጉረመርም ጀመር፤ ከዚያ ጮኸ፣ ከዚያ ቀጥ አለ።

«ምን አድርገህ ገደልኸው?» አሉኝ። እኔን! ንዴቱ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ከደብረ ታቦር የተጠራው እውነተኛ መካኒክ ሞተሩን ፈታው። የኩሽኔታው ውስጡ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆኗል።

«ይህን ያረሰው ኤሌትሪክ ነው፣ እሜቴ» አለ። «ግራሶ ወፈር ብሎ ብረትን ከብረት ያርቃል፤ ኤሌትሪኩንም እንደ ልቡ አያሳልፈውም። ቅባኑግ ግን ሲሞቅ ይሳሳል። ያን ጊዜ ከሞተሩ ሾልኮ ዘንጉ ላይ የወጣው ኤሌትሪክ ከብረት ብረት እየዘለለ ያቃጥለዋል። አዲስ ኩሽኔታ ይዣለሁ፤ በግራሶ ልግጠመው?»

«ከፋሲካ በኋላ» አሉ እሜቴ።

ይታያችሁ፤ ኩሽኔታው ቦርሳው ውስጥ ነው። ብረት እንዳይገድፍ ተብሎ፣ ሲሰግድ የዋለ የከተማው ሴት ሁሉ እቤቱ ገብቶ የእጅ ወፍጮ ላይ አጎነበሰ። መዳፉ የተላጠ፣ ወገቡ የተቆረጠ ስንቱ ነው! የብረቱን ጾም የጾሙለት እነሱ ናቸው።

ከእነሱ አንዷ ሚስቴ ነበረች። «መካኒኩ» አለችኝ፣ «እኔ ደክሞኛል። ና መጁን ያዝ።»

ወንድ ልጅ ወፍጮ ሥር! በሩን ዘግቼ ያዝሁ። የፈጨሁትን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «ይህስ ለዶሮ ይሆናል» አለች።

ይህን እያለችኝ በሩ ተንኳኳ። የእሜቴ ሠራተኛ ናት፤ አህያ ሙሉ ሽምብራ ጭናለች።

«እሜቴ ‹ሚስትህ አልማ ትፍጭልኝ› ብለውሃል።»

ጢሜ ዱቄት እንደ ለበሰ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ደሜ ፈላ። «ጭነቱን እንዳታወርጂ» አልኋት። «እሜቴን፣ የጾመው ኩሽኔታ ይፍጭልዎ ብሏል በያቸው።»

መልሱ ከአህያዋ ፈጥኖ መጣ፤ ከእንግዲህ ወፍጮ ቤት ድርሽ እንዳልል ተባልሁ። ብረቱን ያስጾሙት እሳቸው፣ የተባረርሁት እኔ። ይህ ፍርድ ነው?

«ደግ አደረግህ» አለች ሚስቴ፣ መጁን ወደ እኔ እየገፋች። «እንግዲህ ሥራ የለህም፤ ተቀመጥና ጨርሰው።»