የእቴቴ ሁለተኛ ዓይን

ሥዕል መሳል ስጀምር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ልጆች፣ ቢቸና ላይ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሥዕል! ማንም አላስተማረኝም። የደንበኛ ልክ የምጽፍባት እርሳስ ነበረችኝ፤ ሰው ሲጠፋ በእሷ መቀሱን፣ ጣሳውን፣ የጎረቤቴን ዶሮ ካርቶን ላይ መሳል ጀመርሁ። ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን ለሰው ማስረዳት ግን አይቻልም። አንዱ "ሥራ አጣሽ እንዴ?" ይላል፤ ሌላው "ልትሸጪው ነው?" ይላል። ጎረቤቴማ ዶሮዋን ስስላት አይታ፣ "እንቁላል እንዳታቆምብኝ!" ብላ አቅፋ ወሰደቻት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም።

ያሳደጉኝ የአባቴ እህት ሞጣ ነው የሚኖሩት። እቴቴ ነው የምንላቸው። ከአንዲት የመታወቂያ ፎቶ በቀር ምስል የላቸውም፤ በእሷም ላይ ፊታቸው የተቀጣ ተማሪ ይመስላል። እንግዲያው እኔው በሥዕል ላስቀራቸው ቆረጥሁ። የፍልሰታ ሰሞን ሄጄ፣ በረንዳው ላይ ምስር ሲለቅሙ ከጎናቸው ተቀምጬ ሳልኋቸው። አፍንጫቸው፣ የአንገታቸው ንቅሳት፣ ከንፈራቸውን ገጠም የሚያደርጉባት ነገር፣ ሁሉም ቁጭ አለ! ከዚያ በፊት የሳልኋቸው ሰዎች በሙሉ ድንች ነበሩ።

ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

"ሌላው ዓይኔስ?"

"በወዲያ በኩል ነዋ፣ እቴቴ።"

"ወዲያማ አየሁት። ባዶ ነው።"

"በጎን ስለሳልሁዎት እኮ ነው! ሰው ከጎን ሲታይ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።"

"ምን በድየሽ ነው?" አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። "ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ግድግዳውን አታዪም? ቅዱሳኑ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ሰይጣን! ጌታን የገረፉት! አሳድጌሽ ከእነዚያ ጋር ትደምሪኝ?"

የሚሉት እውነት ነው፤ የደብሩ ግድግዳ ላይ ክፉ ሁሉ በጎኑ ነው የሚሳለው። እኔ ግን ምስር የሚለቅሙ ሴት ነው የሳልሁት! ባለቤታቸው መሪጌታው የተማሩ ናቸው፣ ይረዱኛል ብዬ ወደ እሳቸው ዞርሁ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይዘው፣ "መልኳስ ራሷ ናት። ስትቆጣኝ እንዲህ ነው የምትቀመጥ" አሉ። ተስፋ አደረግሁ። "ዓይን ግን ጎድሏል" አሉ።

"አንቱም፣ መሪጌታ!"

"ቦታ እኮ አለ፣ ልጄ። ጆሮዋ አጠገብ ሰፊ ቦታ ትተሻል።"

እቴቴ ምድጃ ይግባ አሉ። ያች ሥዕል ከተቃጠለች ሁለተኛ እንደማትወጣልኝ አውቃለሁ፤ ለመንሁ። "ፊት ለፊት ሌላ እስልዎታለሁ፣ ይችን ግን አይንኩብኝ" አልሁ። እሺ ብለው እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ተቀመጡልኝ። ሁለት ዓይን፣ እኩል በእኩል አድርጌ ሳልሁ። ድንች!

"ይኸ ደግሞ ማን ነው?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት።"

"አይደለሁም። እኔስ ያችኛዋ ነኝ። ግን ከኃጥአን ጋር ነኝ።"

ከንዴቴ ብዛት እንባዬ መጣ። ራሳቸው መሆናቸውን እያመኑ ያቃጥሏታል! ልቀማቸው ብል የመጀመሪያዋን ፍራሻቸው ሥር ከተው ተቀመጡባት። "እሳቱ ሲነድ ትገባለች፤ አንቺ መንገድሽን ሂጂ" አሉኝ። ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ቢቸና ድረስ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። "አንድ ዓይን ነው የሚታየው፣ በቃ!" ስል ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ረዳቱ ዞር ብሎ፣ "እናት፣ ደኅና ነሽ?" አለኝ። ወር ያህል እርሳስ አልነካሁም።

ለመስቀል ሞጣ ተመለስሁ። ሥዕሉን አላቃጠሉትም። እቴቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከጆሯቸው አጠገብ ሁለተኛ ዓይን ሠርተው፣ ሽፋሽፍት ጨምረውለት፣ ከበሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።